ድስቱን ማን አማሰለው?

ነገሩ የጀመረው በጓጎለ ሽሮ ነው።

ባለፈው ሁዳዴ ከግቢ ውጭ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ሽሮ ልንሠራ ተነሣን። ሦስታችንም የአዳማ ልጆች ነን፤ ሦስታችንም ታሪክና ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን፤ ሦስታችንም ሽሮ በልተን ነው ያደግነው። «ሃያ ዓመት የበላነውን መሥራት ምን ያቅተናል?» ተባባልን። ውሃ አፈላን፣ ዘይት ጠብ አደረግን፣ ሽሮውን ከላስቲኩ ዘርግፈን ጨመርንበት። ምን አለፋችሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድስቱ ውስጥ የነበረው ወጥ ሳይሆን ጠጠር ነበር። አንዱን ጓል በማንኪያ ብንጨፈልቀው ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ተገኘ።

ከሦስታችን አንዷ ሴት ናት። ሁለታችን ወንዶቹ ሳናስበው ዞር ብለን አየናት። እሷም ገባትና «ሴት ስለሆንኩ ነው የምታዩኝ? እኔም እንደናንተ በልቼ ነው ያደግኩት» አለችን። እውነቷን ነው። ስልክ አንሥታ አዳማ እናቷ ዘንድ ደወለች። እናትየው የሆነውን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ዱቄቱ ሲገባ ማን አማሰለው?»

«ማንም አላማሰለውም።»

ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ ሽሮ ብቻውን ይማሰላል እንዴ ልጆቼ!» አሉን።

ሽሮውን እንደምንም በላነው። ጥያቄው ግን ከጉሮሯችን አልወረደም። በታሪክ ትምህርታችን ማን እንደነገሠ፣ ማን እንደዘመተ፣ ማን የባቡር ሐዲድ እንደዘረጋ፣ ማን ፋብሪካ እንደተከለ ተጠይቀን መልሰናል። ድስቱን ማን እንዳማሰለው ግን ጠያቂም መላሽም አልነበረም። ፊደል ስንቆጥር በሶ የበላውን ልጅ ስም ሁላችንም አጥንተናል፤ በሶውን ማን እንደበጠበጠለት ግን ያስተማረን የለም። ይህ ጽሑፍ የእኛዋን ከተማ ይዞ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚሞክር ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ራሱ ጥቂት እንበል። ሥራውን ሳያውቁ ስለ ሠራተኛው ማውራት ከንቱ ነውና።

ሽሮው ለምን ጓጎለ? የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን እንደገለጸልን፣ ዱቄት የፈላ ውሃ በድንገት ሲነካው የውጪው ስታርች ወዲያው ያብጥና ይጣበቃል፤ ልክ እንደ ቅርፊት ሆኖ ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ ዱቄቱን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ ወይ በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው እጅ ያለማቋረጥ ማማሰል። ጓደኛችን ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። እናቶቻችን ስታርች የሚለውን ቃል ሳይሰሙ መፍትሔውን በእጃቸው ይዘውት ኖረዋል።

አማርኛችንም ቢሆን ይህ ሥራ አንድ ሥራ እንዳልሆነ ያውቃል። ወጥ ይማሰላል፤ ሊጥ ይቦካል፤ ሽሮ ይበጠበጣል፤ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ጨጨብሳ በቅቤ ይለወሳል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ወተት ይናጣል፤ ጠላ ይጠነሰሳል፤ ወጥ ሊወጣ ሲል በመከለሻ ይከለሳል። ለሌላ አገር ሰው ይህ ሁሉ «መቀላቀል» ሊመስለው ይችላል። ማድቤት ያደገች ሴት ግን አንዱን በሌላው ቦታ ብትጠቀም ሳቅ ይሆንባታል። ሕዝብ ለማይረባ ሥራ ይህን ያህል ግሥ አያወጣም።

ሁለት ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው አብሲት ነው። የጤፍ ሊጥ ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳል። ከዚያ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ይወሰድና በውሃ ቀጥኖ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል፤ በረድ ሲል ወደ ዋናው ሊጥ ይመለሳል። ሊጡ ኩፍ ይላል፤ እንጀራው ዓይን ያወጣል። የበሰለው ስታርች አረፋውን አቅፎ ስለሚይዝ ነው ይላሉ የዘመኑ ሊቃውንት። ከብዙ ሊጥ ጥቂቱን ብቻ አብስሎ መመለስ የሚል ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣላት ሴት ማን ነበረች? ስሟ የለም። የፈለሰፈችው ነገር ግን ዛሬም በየሦስት ቀኑ በየቤቱ ይደገማል።

ሁለተኛው ገንፎ ነው። ገንፎ የሚገነፋው በጉልበት ነው። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱ ይነሰነሳል፤ እየጠና ሲሄድ ማማሰያው አልንቀሳቀስ ይላል። አገንፊዋ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወይም ጎረቤት አስይዛ፣ በሁለት እጅ፣ ወገቧን አጥፋ ትታገለዋለች። ሴት ስትወልድ የምትበላው ይህ ነው፤ በኦሮምኛ ማርቃ ይሉታል። አራሷ ጋ የሚመጡት ሴቶች ማማሰያውን እየተቀባበሉ ያገነፋሉ። አንዲት ብቻዋን አትችለውማ! እንግዲህ ማናችንም ወደዚህ ዓለም ስንመጣ የመጀመሪያ ድግሳችን የተማሰለው በብዙ እጅ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ድስቱ ውስጥ እንመልከት። እኛ ወጥ የምንለው፣ «የአባቶቻችን ምግብ» ብለን የምንኮራበት ነገር፣ ከየት የመጣ ነው?

በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ከ1492 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በፊት በአገራችን ማንም ሰው በርበሬ ቀምሶ አያውቅም። ኮሎምበስ አትላንቲክን ከተሻገረ በኋላ በፖርቱጋሎችና በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች እጅ ተላልፎ ደረሰን። የአክሱም ነገሥታት ቀይ ወጥ አልበሉም! ላሊበላን ያነጹ ሰዎች ድስታቸውን የሚያጣፍጡት ኮረሪማን፣ ጥምዝን፣ ዝንጅብልንና ሰናፍጭን በመሳሰሉት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ቲማቲምም፣ ድንችም፣ በቆሎም ከዚያው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 ገደማ በጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ በሺምፐር በኩል እንደሆነ ይነገራል። ቲማቲም የሚለው ስም ከዐረብኛ፣ ሳልሳ፣ ፓስታና መኮሮኒ የሚሉት ደግሞ ከጣሊያንኛ ናቸው።

ይህን ስንል ወጣችን የኛ አይደለም ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። በርበሬ በብዙ አገር ገብቷል፤ በርበሬን ከአሥር ከማያንሱ ቅመሞች ጋር ደልዞ፣ አድርቆና አስፈጭቶ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ተቁላልቶ ውሃው ከመጠጠ በኋላ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን እየጨመሩ፣ እንዳያርም ውሃ ጠብ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ ማማሰልን ያወጣው ግን የዚህ አገር ማድቤት ነው። የተክሉ አገር አሜሪካ ነው፤ የቁሌቱ አገር ግን እዚህ ነው። አንድን ነገር የራስ የሚያደርገው መነሻው አይደለም፣ የፈሰሰበት ድካም ነው።

ወደ አዳማችን እንመለስ። አንዳንድ ሰዎች ስለ ከተማችን ሲያወሩ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ባዶ ሜዳ እንደነበረ አድርገው ነው። ስህተት ነው። በአዋሽ ዳርና ዳር ጂሌ፣ ከረዩና አርሲ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ኖረዋል። የከተማዋም ስም ቁልቋልን ከሚያመለክት የኦሮምኛ ቃል እንደመጣ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። የከብት አርቢ ማድቤት የራሱ የማዋሐድ ጥበብ አለው። ወተቱ በእንጨት ጭስ በታጠነ ዕቃ ይቀመጣል፤ በቅል ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ይነጠራል። ከአርሲ ደጋ የሚመጣው ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በንጥር ቅቤ ይታሻል፤ ጭኮ ይሆናል። ጭኮ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ የመንገደኛ ስንቅ ነው። ጭኮን የሚያሸው እጅ ቅቤው መቼ እንደበቃ የሚያውቀው በመዳሰስ ነው። መስፈሪያ የለውም።

እንግዲህ ሰዎችና ምግቦች የሚቀላቀሉበት መንገድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ታሪክ ያሳየናል። አንደኛው መንገድ ከላይ ነው፤ በድግስ።

በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል፣ የኋላዋ እቴጌ፣ ታላቅ ድግስ ደገሱ። ድግሱ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዘመን ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ፣ ርእሱም ድስት ማማሰልን የሚያነሣ ነው፣ ይህንን ድግስ ብሔራዊ የምግብ ሥርዓት በአደባባይ የታየበት ቀን አድርጎ ይተነትነዋል። የግዛቱ ስፋት በገበታ ላይ ታየ ማለት ነው። የአርሲ ዘመቻ ያበቃው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1886 ነበር። ቅቤውና ማሩ፣ ሰንጋውና እህሉ ወደ እንጦጦ የወጣው ደስ ብሎት ብቻ አልነበረም።

ድግሱ የሚታወሰው በደጋሿ ስም ነው። ይሁን፤ ሴትዮዋ ሙያ ያላቸው ብልህ ሴት እንደነበሩ ማንም አይክድም። ነገር ግን ያን ሁሉ ድስት እሳቸው አላማሰሉትም። እዚያ ጭስ ውስጥ የቆሙት ስንት ነበሩ? ከየት መጡ? ማታ ምን በሉ? ከድግሱ በኋላ ወዲያውኑ የመጣውንም አንርሳ። በዚያው በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን ሆነ። የአገሪቱ ድስት ባዶውን ተጣደ። በ1896 ወደ አድዋ የተጓዘው ሠራዊትም ቢሆን እህል የሚፈጩ፣ ውሃ የሚቀዱና ወጥ የሚሠሩ ሴቶችን አስከትሎ ነው የሄደው። ጦርነቱን በየዓመቱ እናከብራለን። ስንቁንስ?

ሁለተኛው የመቀላቀል መንገድ በሐዲድ ነው። ከጅቡቲ በ1897 የተነሣው የባቡር መንገድ ሥራ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዳማ ከመንገዱ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ጣቢያ ማለት ሰው የሚወርድበት ነው። ሰው ሲወርድ ይርበዋል። ሲርበው የሚያበላው ይፈልጋል። በየጣቢያው ዙሪያ ጉራጌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ሶማሌው፣ የመኑ፣ ግሪኩና አርመኑ ተሰበሰበ። ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያን ሲመጣ ፓስታና ሳልሳ ተከተሉት። ጣሊያን ሄደ፤ ፓስታው ግን ቀረ፤ እናቶቻችን በበርበሬ ቁሌት አማስለው የጾም ምግብ አደረጉት! ከተማዋ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ2000 አዳማ የሚለው ስም በይፋ ተመለሰላት። ስሟ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ማድቤቷ ግን ለአንድ ቀን ሥራ አላቆመም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ወጡን የሚያጣፍጠው አማሳዩ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ሸንኮራ ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ አስጀመረ፤ የሸዋው በ1962 ተከተለ። መሬቱ የጂሌ ግጦሽ ነበር፤ ከብቱ ከወንዙ ራቀ። ሸንኮራ የሚቆርጡት ሠራተኞች ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ መጡ። ፋብሪካዎቹ በ1975 የመንግሥት ሆኑ፤ ዛሬ አሮጌዎቹ ቆመው በአዲስ ተተክተዋል። ሻያችን ውስጥ የምናማስለው ስኳር የአንዱን ግጦሽና የሌላውን ወገብ የያዘ ነው። ጣፋጭ ነገር ሁሉ ታሪኩ ጣፋጭ አይደለም።

ሠራተኛው ግን እጁን ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ሚስቱንና እናቱን፣ እነሱም ቆጮና ቡላ ይዘው መጡ። የቡላ ገንፎ በወንጂ ካምፖች ውስጥ ተገነፋ። የመስኖው እርሻ በመቂና በዝዋይ፣ በቆቃና በመርቲ ሲስፋፋ ሽንኩርትና ቲማቲም በአዳማ ገበያ ሞላ። በ1969 በመልካሳ የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማእከል «አዳማ ሬድ» የተባለውን ቀይ ሽንኩርት እስከ ማውጣት ደረሰ፤ የከተማችን ስም በሽንኩርት ላይ ተጻፈ ማለት ነው። ይህ ራስ ሽንኩርት ከትንሿ የአበሻ ሽንኩርት ይልቅ ለመላጥ ይቀላል፤ ውሃው ግን ብዙ ነው፤ እስኪመጥ ድረስ የሚያማስል ክንድ ይፈልጋል። ምርምሩ ገበሬውን ጠቀመ፤ አማሳይዋን ግን ማንም አላማከራትም።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍና ከመምህሮቻችን ካገኘን በኋላ ለፋሲካ አዳማ ስንወርድ አንዲት እናት ቤት ሄድን። በሰፈራችን ባለሙያ ተብለው የሚጠሩ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን «እትዬ» ብለን እናልፋለን። በሕፃንነታቸው ከከምባታ ወንጂ የመጡት ሸንኮራ ቆራጭ ከነበሩት አባታቸው ጋር ነው። የባቡር ሠራተኛ የሆነ የኦሮሞ ልጅ አግብተው አዳማ ገቡ። ባላቸው ቢሞቱም እሳቸው እዚያው ግቢ ውስጥ አሉ፤ ስድስት በር፣ አንድ የጋራ ማድቤት።

የቅዳሜ ሹር ዕለት ዶሮ ሲሠሩ ቁጭ ብለን አየን፤ ሰዓትም ያዝን። ሽንኩርቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተቁላላ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እትዬ ማማሰያውን ለሁለት ደቂቃ እንኳ አላስቀመጡም። ድምፁን ይሰማሉ። «አሁን ውሃ አለው፣ ይጮኻል። ዝም ሲል ዘይቱን አምጡ እላችኋለሁ» አሉን። እውነትም ዝም አለ። በርበሬው ሲገባ ሦስታችንም አስነጠስንና ወደ በሩ ሮጥን፤ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው ግን ያለቅስ ነበር። ሐኪም ዓይንዎን ጭስ ጎድቶታል እንዳላቸው ነገሩን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እንደሞቱ ይገምታል። ያን አኃዝ ከዚህ በፊት አንብበነው ነበር። የዚያን ቀን በዓይናችን አየነው።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ከማን ተማሩ?» አልናቸው።

«ዶሮውን ከመንዟ ጎረቤቴ። ጨጨብሳውንና ጭኮውን ከአማቴ። የቡላውን እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ይቺ ግቢ ውስጥ ስንት አራስ ነው ያገነፋሁለት!»

አንዳችን የተማሪ ነገር ሆኖበት «እንግዲህ ማድቤቱ ሁሉን አንድ አደረገ ማለት ነው» አለ። እትዬ ማማሰያውን ይዘው ቀና አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ አድርገህ አትጻፈው። ድስት የምታዋስ ነበረች፤ ድስት የምትነፍግም ነበረች። እኔ ቆጮ ስጋግር አፍንጫዋን የምትይዝ ነበረች። ልጇ ሲታመም ግን መጣች፤ እኔም ሄድኩ። አንድ አልሆንም። አብረን ነው የሠራን።»

እኛ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት በዚህ ዓመት አልሰማንም። ማማሰልና ማመሳሰል ለጆሮ የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ጥሩ ወጥ ውስጥ ሽንኩርቱ ይሟሟል፣ ኮረሪማው ግን ኮረሪማ ሆኖ ይሸታል። ስለ አብሮነት በየመድረኩ የሚነገረንን ንግግር በዚህ መዝነን እንስማው።

ከእትዬ ቤት ስንወጣ ጓደኛችን ዝም ብላ ስትራመድ ቆይታ ይህን ነገረችን። ትንሽ ልጅ ሳለች ማድቤት በገባች ቁጥር እናቷ «ውጪ! አንቺ አጥኚ፤ ድስቱን እኔ አለሁለት» እያሉ ያስወጧት ነበር። እናቷ ያልተማሩ ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የገባችው እሳቸው ማማሰያውን ስላልለቀቁላት ነው። ሁለታችን ወንዶቹ ደግሞ «ውጡ» የሚለንም አልነበረም፤ ቀድሞውኑ የምንገባበት ቦታ አልነበረምና። እንግዲህ ሽሮ መሥራት አለመቻላችን እንዲሁ የሚያስቅ ነገር ብቻ አይደለም። የትምህርታችን ዋጋ ነው፤ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአንዳችን አያት ባለፈው ዓመት አረፉ። በርበሬያቸው በዘመድ ሁሉ የታወቀ ነበር። ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ተሰብስበው ያንኑ በርበሬ ለማዘጋጀት ሞከሩ፤ ቅመሙን ሁሉ ያውቁታል፤ መጠኑን ግን ማንም አልያዘም። ሦስት ጊዜ አስፈጭተው ሦስት ጊዜ «እሷ አይደለችም» ተባባሉ። ሙያ በልብ ነው ይባላል። ልብ ሲቆም ሙያውም አብሮ እንደሚቀበር ግን ተረቱ አይነግረንም።

ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶችን ማስወገድ ያስፈልጋል። አንደኛው ማድቤቱን እያሞገሱ ሴቲቱን እዚያው ጭስ ውስጥ መተው ነው። «የእናቴ እጅ» እያሉ ማድነቅ ቀላል ነው፤ እጁ የሚጠይቀው አድናቆት ብቻ አይደለም። የተሻለ ምድጃ፣ መብራት፣ የጭስ መውጫ፣ ከሁሉም በላይ ማማሰያውን የሚቀበል ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ የወንድ እጅ ቢሆን ሰማይ አይወድቅም። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ፣ ሥራው አድካሚ ስለሆነ እውቀቱም ኋላ ቀር ነው ብሎ መጣል ነው። ድካሙ ይቅር፤ እውቀቱ ግን ይጻፍ።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች በየዓመቱ የጥናት ጽሑፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት እንንከራተታለን። በየቤታችን ግን አንድም ጊዜ ያልተገለጠ መዝገብ አለ። ለእረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ማድቤት ግቡ። አያታችሁን ጠይቁ። ስንት እፍኝ፣ ስንት ቁና፣ ምን ሲሸት፣ ምን ሲጮህ፣ ከማን እንደተማሩት፣ ያስተማረቻቸው ሴት ከየት እንደመጣች። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውንም ጻፉ። በሚቀጥለው እትም ከየአገሩ የመጣውን ጎን ለጎን ብናትመው፣ ከአንድ ዙር ጽሕፈት የሚበልጥ ታሪክ ይሆናል ብለን እናምናለን። ግን አደራ፣ ስትጽፉ ቁጭ ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። አንዳችሁ ጻፉ፤ አንዳችሁ አማስሉ።

እኛም ከፋሲካ በኋላ ተመልሰን ያችኑ ድስት ጣድን። ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥነው፤ ሽንኩርቱ ዝም እስኪል ጠበቅን፤ ተራ በተራ አማሰልን። ክንዳችን ዛለ። ሽሮው እንደ እናቶቻችን ነው ብንል ውሸት ይሆንብናል። ግን አልጓጎለም። ጓደኛችን እናቷ ዘንድ ደውላ ይህንኑ ስትነግራቸው ዛሬም ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ማን አማሰለው?»

«ሁላችንም» አለቻቸው።